የጋምቤላ ረግረግ ምን ይተነፍሳል?



ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ጋምቤላ ክልል በጻፍኩት አንድ ጽሑፍ ላይ፣ የክልሉ ረግረግ ቢደርቅ ሁለት ጥቅም እንደሚገኝ፣ ይኸውም መሬቱ እንደሚታረስና አየሩም እንደሚጠራ በልበ ሙሉነት አስፍሬ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የያዘ ሰው የጻፈው በመሆኑ ይመስለኛል፣ «ከየት አመጣኸው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም አንባቢ አልነበረም። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ያንን ለማረም ነው። ስሕተቱን በአደባባይ የጻፈ ሰው እርማቱንም በአደባባይ መጻፍ ይገባዋል።

እርማቱ የተጀመረው እዚያው ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ነው። በአንድ የጁሙዓ ቀን ከሶላት በኋላ ወደ ባሮ ወንዝ ዳር ወረድኩ። ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ከምትሸጥ እናት ዘንድ አረፍ እንዳልኩ መረባቸውን ከሚጠግኑ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ጋር ጨዋታ ጀመርን። ስለ ረግረጉ የጻፍኩትን ነገርኳቸው። ሽማግሌው መረባቸውን ሳይለቁ፣ «ልጄ፣ ይሸታል ካልክ እውነትህን ነው፤ ይሸታል። ዓሣው ግን እዚያ ነው የሚራባው። ከብቱም በበጋ እዚያ ነው የሚውለው። ለመሆኑ የሚሸተው ነገር ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም አባባ» አልኳቸው። እውነቱም ይኸው ነበር። የማላውቀውን ነገር ነው እንግዲህ ይድረቅ ያልኩት።

ሽታውና በሽታው

መጥፎ አየር ያሳምማል የሚለው አስተሳሰብ ያረጀ ነው። ደገኛው ወደ ቆላ ሲወርድ የሚፈራው ንዳድ ከረግረጉ ሽታ ጋር አብሮ የሚመጣ ይመስለው ነበር። ይህ የእኛ ብቻ እምነት አልነበረም። «ማላሪያ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። ሮናልድ ሮስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1897 በህንድ አገር የወባን ጥገኛ ተህዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ ካገኘ ወዲህ ግን ጥፋተኛው አየሩ ሳይሆን ትንኟ መሆኗ ታውቋል። ለወባ መፍትሔው አጎበር፣ ምርመራና መድኃኒት ነው። በጋምቤላ ወባ ዛሬም ብርቱ ችግር መሆኑን ማንም አይክድም፤ የረግረጉ ሽታ ግን ወባን አያመጣም።

ታዲያ ረግረግ ወደ አየር የሚያወጣው ነገር የለም ማለት ነውን? አይደለም፤ አለ። የሚያወጣውም ጋዝ ከጋምቤላ አልፎ የዓለምን አየር የሚነካ ነው። ጉዳዩን በቅጡ ለመረዳት ግን ጥቂት ወደ ባሕር ዳር ዞር ብለን መመለስ ይኖርብናል። በውሃ ውስጥ የሚበቅል ነገር አየርን እንዴት እንደሚለውጥ በጉልህ የታየው እዚያ ነውና።

የባሕር አረም ትምህርት

በሰሜን አትላንቲክ ዳርቻዎች፣ በአየርላንድና በፈረንሣይ ብርታኝ፣ ከዓለት ጋር ተጣብቆ የሚበቅል ቡናማ የባሕር አረም አለ። ይህ አረም ከባሕሩ ውሃ አዮዲንን እየለቀመ በአካሉ ያከማቻል። በውስጡ የሚገኘው የአዮዲን ክምችት በዙሪያው ካለው ውሃ ከ30,000 እጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል። ለምን ያከማቸዋል ቢባል፣ ራሱን ለመከላከል ነው። ማዕበሉ ወደ ኋላ ሲሸሽና አረሙ ለፀሐይና ለአየር ሲጋለጥ በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን አካሉን ይጎዳዋል። አረሙም ያጠራቀመውን አዮዲን አውጥቶ ኦዞኑን ይመክትበታል። ሊቃውንት ይህንን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ከአረሙ የወጣው አዮዲን በፀሐይ ብርሃን ወደ ነጠላ አተሞች ይበታተናል። እነዚህ አተሞች ተጨማሪ ኦዞን እየበሉ አዮዲን ኦክሳይድ የተባለውን ይፈጥራሉ፤ ይህም እርስ በርሱ እየተያያዘ ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች ይሆናል። በምዕራብ አየርላንድ ሜስ ሄድ በተባለው የአየር መመልከቻ ጣቢያ ማዕበሉ በሸሸ ሰዓት፣ በቀን ብርሃን፣ እጅግ ብዙ አዳዲስ ቅንጣቶች በድንገት ሲወለዱ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ደግሞ የዚህ ምንጭ ከባሕር አረም የሚወጣው አዮዲን መሆኑን አስረድቷል። ቅንጣቶቹ ካደጉ የውሃ ተን የሚጠራቀምባቸው የደመና ዘሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ከዓለት ላይ ከተጣበቀ አረም ተነስተን እስከ ደመና ደረስን ማለት ነው።

የባሕር አረም ሁልጊዜ ጸጥ ያለ ጎረቤት እንዳልሆነም መጠቆም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሳርጋሰም የተባለ ተንሳፋፊ አረም በካሪቢያን ደሴቶችና በምዕራብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻዎች ላይ በገፍ እየተከመረ ይበሰብሳል። በሚበሰብስበት ጊዜ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና አሞኒያ የተባሉ ጋዞችን ያወጣል፤ የአካባቢውን ነዋሪ ዓይንና መተንፈሻ ያውካል። አንዱ አረም በሕይወት ሳለ አዮዲን ይሰጣል፤ ሌላው ተከምሮ ሲበሰብስ መርዛም ጋዝ ያወጣል። አየሩን የሚወስነው እንግዲህ የአረሙ መኖር ብቻ ሳይሆን በምን ሁኔታ ላይ መገኘቱም ጭምር ነው።

«ባሕር ከሌለን ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ከጋምቤላ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይሁንና የዚህ ርቀት ዋጋ በየቤታችን ይታወቃል። አዮዲን በተፈጥሮ መነሻው ባሕር ነው፤ በአየርና በዝናብ ወደ የብስ ይመጣል። ከባሕር በራቀና አፈሩ በጎርፍ በታጠበ አገር ግን ይሳሳል። በአገራችን ብዙ እናቶችን ያስቸገረው እንቅርት ከዚሁ እጥረት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ የወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። አዮዲን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1811 መጀመሪያ የተገኘው ኩርትዋ በተባለ ፈረንሣዊ ሲሆን፣ ያገኘውም ከተቃጠለ የባሕር አረም አመድ ውስጥ ነበር።

ረግረጉ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

አሁን ወደ ጋምቤላ እንመለስ። ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ ከምዕራቡ ደጋ ወርደው ወደ ሜዳው ሲደርሱ ፍጥነታቸው ይበርዳል። በክረምት ወንዞቹ ከዳራቸው እየሞሉ በኢታንግ፣ በላሬና በጂካዎ በኩል ሜዳውን ያለብሱታል። ከባሮ የተረፈው ውሃ ድንበር ተሻግሮ በደቡብ ሱዳን የማቻርን ረግረግ ይመግባል፤ ቀሪው ሶባት ተብሎ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። በዚህ ሁሉ ስፍራ ደንገል፣ ፊላና ልዩ ልዩ የውሃ ሣር ይበቅላል። እምቦጭም ቢሆን ጣና ሐይቅ ላይ ከመታየቱ ከብዙ ዓመታት በፊት የባሮንና የሶባትን ውሃ ለምዶታል።

ውሃ የተኛበት አፈር ኦክሲጅን ያጣል። የሞተው ሣርና ቅጠል በደረቅ መሬት ላይ እንደሚሆነው ሁሉ በአየር ታግዞ መበስበስ አይችልም። በዚህ ጊዜ ያለ ኦክሲጅን የሚኖሩ ረቂቅ ተህዋስያን ሥራውን ይረከባሉ፤ የሥራቸውም ውጤት ሜቴን የተባለው ጋዝ ነው። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1776 በአንድ ሐይቅ ዳር ያለውን ጭቃ በዱላ እየነካካ የሚወጣውን አረፋ በዕቃ ሰብስቦ ሲለኩሰው ነድዶለታል።

ከዚህ ላይ የሽማግሌው ጥያቄ መልስ ያገኛል። ሜቴን ሽታ የለውም። ባሮ ዳር የሚሸተን በአብዛኛው ከዚያው ከጭቃው በጥቂቱ የሚወጣው የድኝ ጋዝ፣ ማለትም ቀደም ሲል ያነሳነው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። አፍንጫችን የሚከሰው ሌላውን ሲሆን ዋናው ጋዝ ሳይታይና ሳይሸት ያልፋል። እኔም በአፍንጫዬ ብቻ ፈርጄ ኖሯል።

ሜቴኑ ወደ ላይ የሚወጣባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው አረፋ ሆኖ ሲፈነዳ ነው። ሁለተኛው በውሃው ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሰርግ ነው፤ በዚህ መንገድ ከሚጓዘው ብዙው ከላይኛው፣ ኦክሲጅን ካለው ውሃ ሲደርስ ሌሎች ተህዋስያን ይበሉታል። ሦስተኛው መንገድ ዕፅዋቱ ናቸው። ደንገልና ፊላን የመሰሉ ተክሎች ሥራቸው ጭቃ ውስጥ ስለሆነ አየር ወደ ታች የሚያወርዱበት ባዶ ቱቦ በግንዳቸው ውስጥ አላቸው። በዚያው ቱቦ ሜቴኑ ተቃራኒውን አቅጣጫ ይዞ እንደ ጭስ ማውጫ ይወጣል። እምቦጭ ደግሞ ውሃውን ሸፍኖ አየር ይከለክላል፤ ሲበሰብስም የቀረውን ኦክሲጅን ይጨርሳል። ይህ ለሜቴን አምራቾቹ ይመቻቸዋል።

አየር ላይ ከወጣ በኋላ

ሜቴን ወደ አየር ከወጣ በኋላ አሥር ዓመት ገደማ ይቆያል። በመቶ ዓመት ሂሳብ ሲሰላ ክብደት ለክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። እ.ኤ.አ. በ1750 አካባቢ በአየር ውስጥ የነበረው መጠን ከቢሊዮን ቅንጣት 700 ገደማ ሲሆን ዛሬ ከ1,900 በላይ ደርሷል። በየዓመቱ በዓለም ላይ ከሚወጣው ወደ 600 ሚሊዮን ቶን ሜቴን ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከሰው ሥራ፣ ማለትም ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል፣ ከከብት፣ ከሩዝ ማሳና ከቆሻሻ ይመጣል። ከተፈጥሮ ምንጮች ደግሞ ትልቁ ረግረግ ነው።

አየሩን የሚያጸዳ ግን አለ። የፀሐይ ብርሃን፣ ኦዞንና የውሃ ተን ተገናኝተው ሃይድሮክሲል የተባለ ቅንጣት ይፈጥራሉ። ዕድሜው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ከአየር ላይ ሜቴንን በመጥረግ ረገድ ትልቁን ሥራ የሚሠራው እርሱ ነው። የቀንና የቆላ ነገር ስለሆነ እንደ ጋምቤላ ፀሐይና ርጥበት በበዛበት ምድር ላይ በብዛት ይፈጠራል። ብዙ ሜቴን ወይም ብዙ የጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲመጣበት ግን ጉልበቱ ይከፋፈላል፤ ያኔ ሜቴኑ ዕድሜው ይረዝማል።

ሜቴኑ ከሃይድሮክሲል ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ነገር ደግሞ እንደ አየሩ ሁኔታ ይለያያል። አየሩ ንጹሕ ከሆነ ነገሩ በዚያው ያልፋል። ከእሳትና ከተሽከርካሪ የሚወጡ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ካሉበት ግን ለሳንባም ለሰብልም ጎጂ የሆነ የምድር አቅራቢያ ኦዞን ይፈጠራል። በጋምቤላ በበጋ ወራት ሣሩ በስፋት ይቃጠላል። ስለዚህ የከተማው ሰው ደረቱን የሚያስለው የበጋው ጭስ ነው። የረግረጉ ሜቴን በሰፈር ማንንም አያሳምምም፤ ተበትኖ የዓለም ሁሉ ድርሻ ይሆናል። ለጎረቤት ጭሱ፣ ለዓለም ጋዙ ቢባል ያስኬዳል።

የ2020 እንቆቅልሽ

ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ወሬ አለመሆኑን የሚያሳይ ነገር በቅርቡ ተከስቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት የዓለም ፋብሪካና መኪና ሲቆም ብዙዎች አየሩ ይጠራል ብለው ነበር። የሜቴን መጠን ግን በዚያ ዓመት በእጅጉ ጨመረ፤ በ2021ም መለካት ከተጀመረበት ከ1980ዎቹ ወዲህ ያልታየ ጭማሪ ተመዘገበ።

ምክንያቱን ያጠኑ ሊቃውንት ሁለት ነገር አገኙ። አንደኛው፣ መኪናና ፋብሪካ ሲቀንስ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ቀነሰ፤ እርሱ ሲቀንስ ሃይድሮክሲልም ተዳከመ፤ በመሆኑም ሜቴኑን የሚጠርገው አነሰ። ሁለተኛው፣ ረግረጎች ሰፉ። በ2019 መጨረሻ የህንድ ውቅያኖስ ሙቀት ባልተለመደ ሁኔታ በመዛባቱ በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ የቪክቶሪያ ሐይቅም በ2020 ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ያ ውሃ በነጭ ዓባይ ወርዶ በደቡብ ሱዳን ሱድ የተባለውን ታላቅ ረግረግ ሞላ። ሱድ የሚለው ቃል ዐረብኛ ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ መሰናክል፣ መዝጊያ ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎም ከ2011 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከሱድ የሚወጣው ሜቴን መጨመሩን ሳተላይቶች አይተዋል። የደቡብ ሱዳን ረግረጎች፣ በባሮ ውሃ የሚሞላው ማቻር ጭምር፣ ከተገመተው በላይ ሜቴን እንደሚያወጡም ከሳተላይት ተለክቷል።

የጋምቤላ ነዋሪ ይህን በሌላ መልኩ ያውቀዋል። በ2022 ክረምት ባሮ ሞልቶ ከተማዋን ጭምር አጥለቅልቆ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል። የሰፋ ጎርፍ ማለት የሰፋ ረግረግ ማለት ነው፤ የሰፋ ረግረግ ማለት የበዛ ሜቴን ማለት ነው፤ የበዛ ሜቴን የበለጠ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱም ዝናቡን ያከብደዋል። እንግዲህ በፋብሪካና በነዳጅ ሌላው ዓለም የጀመረው ነገር ዞሮ ዞሮ በጎርፍ መልክ ባሮ ዳር ይደርሳል ማለት ነው።

ታዲያ ይድረቅ?

አንዳንድ አንባቢ ከዚህ ላይ «ስለዚህ የድሮው ጽሑፍህ ልክ ነበር፤ ረግረጉ ይድረቅ» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አይሆንም ነው። ምክንያቶቼ አራት ናቸው።

አንደኛ፣ በውሃ ሥር ለዘመናት የተከማቸው የዕፅዋት ቅሪት ውሃው ሲነሳለት ኦክሲጅን ያገኝና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ሜቴን በአሥር ዓመት ገደማ ከአየር ይጠፋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ብዙው ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል። የአሥር ዓመቱን ዕዳ ለመክፈል የመቶ ዓመት ዕዳ መግባት ብልህነት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ረግረጉ ከመታረሱ በፊት ምን ሊዘራበት እንደሚታሰብ መጠየቅ አለበት። ውሃ በተኛበት ማሳ የሚበቅል ሩዝ እርሱም ሜቴን ያመነጫል። ረግረግ አጥፍቶ ሩዝ መትከል ጋዙን አያስቀረውም፤ ከተፈጥሮ መዝገብ ወደ ሰው መዝገብ ያዛውረዋል እንጂ።

ሦስተኛ፣ ረግረጉ የጎርፍ ማረፊያ ነው። ቦታ የተነፈገው ውሃ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ በባሮ ሜዳ ሰፊ መሬት ተከራይቶ ግድብ ሠርቶ በቆሎ ቢዘራም፣ በ2011 ወንዙ ገብቶ ሰብሉን አጥፍቶበታል፤ ውሉም በ2015 መጨረሻ ተሰርዟል። በደቡብ ሱዳን ሱድን ለማለፍ በ1978 መቆፈር የተጀመረው የጆንግሌ ቦይም በ1984 በጦርነቱ ተቋርጦ እስከ ዛሬ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል።

አራተኛና ዋነኛው፣ ረግረጉ ባለቤት አለው። አኙዋኩ ውሃው ሲሸሽ በወንዙ ዳር ርጥበቱን ተከትሎ በቆሎ ይዘራል። ኑዌሩ በበጋ ከብቱን ወደዚያው ሣር ያወርዳል። ዓሣው የሚራባው በጎርፉ ሜዳ ላይ ነው። በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ በኩል የሚያልፈው የነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋም የሚጓዘው ውሃና ሣር ፍለጋ ነው። ለዓለም አየር መበላሸት ከሁሉ ያነሰ አስተዋጽኦ ያለውን ሕዝብ ከመተዳደሪያው አፈናቅሎ አየሩን አጸዳሁ ማለት ፍትሕ አይሆንም። የተፈጥሮው ሜቴን ሺህ ዘመናት ሲወጣና ሲጠረግ ኖሯል። ሚዛኑን ያዛባው በላዩ የተጨመረው ነው። መቀነስ ያለበትም እርሱ ነው።

በእጃችን ያለው

ይህ ሲባል ግን በጋምቤላ የሚሠራ ነገር የለም ማለት አይደለም። የበጋውን ሣር ቃጠሎ በጊዜና በቦታ መወሰን ይቻላል። በበጋው መጀመሪያ፣ ሣሩ ገና ርጥበት ሳለ በጥቂቱ የሚለኮስ እሳት በበጋው ማብቂያ ከሚነደው ትልቅ ሰደድ ያነሰ ጭስ ያወጣል። እምቦጭን ሳይበሰብስ ከውሃው ማውጣት፣ ለማዳበሪያ ወይም ለባዮጋዝ ማዋል ይቻላል። ባዮጋዝ ማለት ቮልታ በዱላ ነካክቶ ያወጣውን ጋዝ በጉድጓድ ይዞ በምድጃ ማንደድ ማለት ነው፤ የወይዘሮዋን ጓዳ ከጭስ ያድናል፣ ሜቴኑንም ያቃጥላል። የባሮን ጎርፍ መጠን በየጊዜው መለካትና ለነዋሪው አስቀድሞ መንገር ነፍስ ያድናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ረግረጉን «ባዶ መሬት» ብለን በወረቀት ላይ መጻፋችንን እናቁም። እኔ ጽፌው ነበርና ቃሉ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ወደ ጋምቤላ ስመለስ ሽማግሌውን ፈልጌ አገኘኋቸው። የሚሸተው ሌላ፣ ዋናው ጋዝ ግን የማይሸት መሆኑን፣ በሣሩ ግንድ ውስጥ ተጉዞ እንደሚወጣም ነገርኳቸው። አንድ የፊላ ግንድ ሰብረው ውስጡን አሳዩኝ፤ እንደ ስፖንጅ ክፍት ክፍት ነው። «ልጅ ሳለን በዚህ እንነፋበት ነበር» አሉና ሳቁ። ቀጥለውም፣ «አሁን ካወቅህ ጻፈው» አሉኝ። እነሆ ጻፍኩት።

ወላሁ አዕለም።